የአጭር ጊዜ የሙያ ሥልጠና ለተመራቂ ወጣቶችና ለህብረት ሥራ ማህበራት

(በዩኒየኑ የምስረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)







በበዓል ቀን ስለ ተገኘው ውጤት መናገር የተለመደ ነው። ስለ ቀረበው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር፣ ስለ ተሠራው መጋዘን፣ ስለ ተገዛው የጭነት መኪና ሌሎች ተናጋሪዎች በስፋት ይገልጻሉ። የዚህ ንግግር ርዕስ ግን ከመጋዘኑና ከመኪናው በስተጀርባ መቆም ስላለበት ሰው ነው። ይኸውም ከኮሌጅ ተመርቀው ሥራ በማጣት በየቤታቸው ስለ ተቀመጡ ወጣቶችና፣ በዚያው ቀበሌ ሙያተኛ አጥተው ስለሚቸገሩ መሠረታዊ ህብረት ሥራ ማህበራት ነው።

ሁለት ችግር በአንድ ቀበሌ

በአንድ በኩል ወጣቱ አለ። ዲፕሎማውን በፕላስቲክ ሸፍኖ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ይዞራል። ማስታወቂያው «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው» ይላል። ልምድ የሚገኘው ከሥራ፣ ሥራ የሚገኘው በልምድ ሆኖበት ዓመት አልፎ ዓመት ይተካል። ያስተማረው ቤተሰብ በሬ ሸጦ፣ መሬት አከራይቶ ነውና ወደ ቤት ሲመለስ ዓይን ለዓይን መተያየቱ ራሱ ይከብዳል።

በሌላ በኩል ማህበሩ አለ። ግብዓት ያቀርባል፣ እህል ይገዛል፣ ይሸጣል፤ ነገር ግን የሚመዘግብ ሰው የለውም፣ ቢኖረውም በቂ ሙያ አልያዘም። ስለዚህ ሂሳቡ በወቅቱ አይዘጋም። ሂሳብ ካልተዘጋ ኦዲት አይደረግም፤ ኦዲት ካልተደረገ ትርፉ አይታወቅም፤ ትርፉ ካልታወቀ ለአባላት የሚከፋፈል ነገር የለም። በጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ አዛውንት ተነስተው «ገንዘባችን የት ገባ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ሊቀመንበሩ እጃቸው ንጹህ ቢሆን እንኳ የሚያሳዩት ወረቀት የላቸውም። ያን ጊዜ የሚጎዳው ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ እምነቱም ጭምር ነው። በማህበሩ ላይ እምነት ያጣ አባል በሚቀጥለው ዓመት እህሉን ጭኖ የሚሄደው ወደ ነጋዴው በር ነው።

እነዚህ ሁለት ችግሮች በአንድ ቀበሌ ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። አባት የማህበሩ አባል ሆኖ የትርፍ ክፍፍል ይጠብቃል፤ ልጅ በሂሳብ አያያዝ ተመርቃ ሥራ ትጠብቃለች። ታዲያ ለምን አልተገናኙም?

የጫማው ካርቶን

ለአብነት ያህል አንዲት ተመራቂ ትታሰብ። ከኮሌጅ በጥሩ ውጤት ወጥታለች። የቀበሌው ማህበር ሂሳብ ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሰምታ ማስረጃዋን ይዛ ትቀርባለች። ሊቀመንበሩ ከጠረጴዛው ሥር አንድ የጫማ ካርቶን አውጥተው ከፊቷ ያስቀምጣሉ። በውስጡ የማዳበሪያ ሽያጭ ደረሰኝ፣ ለጫኝና አውራጅ የተከፈለበት ወረቀት፣ የባንክ ገቢ ስሊፕና በእስክሪብቶ የተጻፈ የዱቤ ዝርዝር ተደበላልቋል።

«ልጄ፣ የዘንድሮው ሂሳብ ይኸው ነው። ከየት ትጀምሪያለሽ?»

«አባባ፣ እኛ የተማርነው ከመጽሐፍ ነው። እንዲህ ያለውን ወረቀት በእጃችን ይዘን አናውቅም።»

«እኔ ደግሞ የማስተምርበት ጊዜ የለኝም፤ ማዳበሪያ ሊገባ ነው።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ልጅቷ ዴቢትና ክሬዲት ምን እንደሆነ ታውቃለች። የጎደላት እውቀት ሳይሆን ልምምድ ነው። ወረቀቱን በቀን ማስቀደም፣ ገቢውን ከወጪው መለየት፣ ቁጥሩ የዘለለ ደረሰኝ መኖር አለመኖሩን ማየት፣ እያንዳንዱን በጥሬ ገንዘብ መዝገብ ላይ ማስፈር፣ በወሩ መጨረሻ ከባንክ መግለጫ ጋር ማስታረቅ፣ ይህን ሁሉ ከአንድ የሚያውቅ ሰው ጎን ተቀምጣ ብትሠራው ኮሌጅ የገባችበትን ያህል ዓመታት አይፈጅም። የሚፈጀው ሳምንታት ነው። ከዲፕሎማው እስከ ሥራው ያለው ርቀት በብዙ ሙያዎች ይህን ያህል ነው፤ ነገር ግን በእነዚያ ሳምንታት ላይ ድልድይ የሚሠራ አካል ስለማይገኝ ወጣቱም ማህበሩም ማዶ ለማዶ ሆነው ይቀራሉ።

ኮሌጆች ምን ሠሩ? ምንስ ቀረ?

በሀገራችን በ1990ዎቹ ዓ.ም. የግብርና ቴክኒክና ሙያ ማሰልጠኛ ኮሌጆች በስፋት ሲከፈቱ ዓላማው በየቀበሌው ሦስት የልማት ጣቢያ ሠራተኞችን ማሰማራት ነበር፤ አንዱ በሰብል፣ አንዱ በእንስሳት፣ አንዱ በተፈጥሮ ሀብት። በዚያ ወቅት የተመረቀ ሁሉ የሚጠብቀው ቦታ ነበረው ለማለት ይቻላል። ቦታው እየሞላ ሲሄድ ግን መንግሥት ተመራቂውን ሁሉ መቅጠር የማይችልበት ደረጃ ላይ ተደርሷል።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሥልጠናው በሙያ ደረጃ ላይ እንዲመሠረት፣ ሠልጣኙም በብቃት ምዘና እንዲረጋገጥ አድርጓል። የትብብር ሥልጠና የተባለውም ሠልጣኙ በተቋምና በሥራ ቦታ እየተፈራረቀ እንዲማር የታሰበ አሠራር ነው። አሳቡ ትክክለኛ ነው። ችግሩ የሥራ ቦታ የሚሆን ድርጅት በገጠርና በትንንሽ ከተሞች እንደልብ አለመገኘቱ ነው። ፋብሪካ በሌለበት ወረዳ ተማሪው የት ሄዶ ይለማመዳል? መልሱ ብዙ ጊዜ ከዓይን ፊት እያለ አልታየም። መጋዘን፣ ሚዛን፣ የሂሳብ ክፍል፣ ገዢና ሻጭ በአንድ ግቢ የሚገኙበት የገጠር ድርጅት ዩኒየኑና አባል ማህበራቱ ናቸው።

በሳምንታት የሚጨበጡ ሙያዎች

ለአጭር ሥልጠና የሚመቹ፣ ማህበራትም ዕለት ተዕለት የሚፈልጓቸው ሙያዎች ብዙ ናቸው። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

የመጀመሪያው ከላይ የተጠቀሰው የማህበር ሂሳብ አያያዝ ነው።

ሁለተኛው የንብረትና የመጋዘን አያያዝ ነው። የገባውንና የወጣውን በዚያው ሰዓት በቢን ካርድ ላይ መመዝገብ፣ በየወሩ ቆጠራ አድርጎ ከካርዱ ጋር ማመሳከር፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ ማድረግ፣ ጆንያውን ከግድግዳ አርቆ በእንጨት ርብራብ ላይ መደርደር፣ ፀረ ተባይ መድኃኒትን ከእህልና ከዘር ጋር በአንድ ክፍል አለማስቀመጥ፣ እነዚህ ሁሉ በተግባር ከታዩ የሚያስቸግሩ አይደሉም። ካልታወቁ ግን ዩሪያው እርጥበት ስቦ እንደ ድንጋይ ሲጋገር፣ ዘሩም በቅሎ ሲገኝ ነው የሚታወቁት።

ሦስተኛው የእህል ጥራትና ሚዛን ነው። እዚህ ላይ ስሌቱን መመልከት ይጠቅማል። 16 በመቶ እርጥበት ያለው 100 ኩንታል በቆሎ ተገዝቶ በመጋዘን ውስጥ ወደ 13 በመቶ ቢደርቅ ክብደቱ ወደ 96.5 ኩንታል ገደማ ይወርዳል። 3.5 ኩንታሉ በበቆሎ ዋጋ የተገዛ ውሃ ነበር ማለት ነው። ሳይደርቅ ቢከማች ደግሞ ጉዳቱ የባሰ ነው፤ ሻጋታ ይይዘዋል፣ አፍላቶክሲን የተባለው ጉበትን የሚጎዳ መርዝም ሊፈጠርበት ይችላል። ሚዛኑም እንዲሁ ነው። በአንድ ኩንታል ላይ አንድ ኪሎ የሚያዛባ ሚዛን በ1000 ኩንታል ላይ 10 ኩንታል ያጎድላል፤ ወይ ከገበሬው፣ ወይ ከማህበሩ።

የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ በሌለበት እንኳ ሠልጣኙ በጨው የሚደረገውን ቀላል ሙከራ መሥራት ይችላል። በደንብ የደረቀ ጨው ጥቂት ማንኪያ፣ ንጹህና ደረቅ ክዳን ያለው የመስታወት ጠርሙስ፣ እስከ ሲሶው የሚሆን እህል ይዘጋጃል። አንድ ላይ ተደርጎ በደንብ ይናጣል፤ ከዚያም ለ15 ደቂቃ ያህል ይቀመጣል። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት አለውና ለክምችት አይበቃም። ካልተጣበቀ ከዚያ በታች ነው፤ ሆኖም ለረጅም ጊዜ የሚከማች በቆሎ ወደ 13 በመቶ መውረድ ስላለበት አሁንም በመሣሪያ ቢረጋገጥ ይመረጣል።

አራተኛው ወተት ለሚሰበስቡ ማህበራት የወተት ጥራት ምርመራ ነው። ወተት ከውሃ ይከብዳል፤ ስለዚህ ውሃ በተጨመረበት ወተት ውስጥ ላክቶሜትሩ ከሚገባው በላይ ጠልቆ ይገባል። ይሁንና ቅቤው የተገፈፈ ወተት ደግሞ ስለሚከብድ፣ ገፎ ውሃ የጨመረ ሰው ላክቶሜትሩን ሊያታልል ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ በአንድ መሣሪያ ብቻ አይፈርድም፤ የቅቤውን መጠንም ይለካል። የማያውቅ ግን ሐቀኛውን አምራች ከአታላዩ ጋር እኩል ያስከፍላል።

አምስተኛው ኮምፒዩተር ነው። ኤክሴልና ዛሬ ሴጅ 50 የሚባለው የቀድሞው ፒችትሪ በየከተማው በአጭር ሥልጠና ይሰጣሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ፕሮግራምም ኢንተርኔት ለሚያገኝ ወጣት በነፃ የተከፈተ በር ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ሥራ ላይ ስለዋለ ክፍያውም በስልክ መንቀሳቀስ ይዟል። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተር የተደበላለቀን ሂሳብ አያስተካክልም፤ በፍጥነት የተደበላለቀ ያደርገዋል እንጂ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው በእጅ መመዝገቡ መቅደም አለበት።

የሌላ ሀገር ተሞክሮ

አጭር ሥልጠና አዲስ ነገር አይደለም። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1885 ለገበሬ ልጆች አጭር የግብርና ኮርስ ጀምሮ ነበር። ኮርሱ የሚሰጠው በክረምታቸው፣ ማለትም በረዶ ወርዶ የእርሻ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ወቅት ነበር። በዚያ ዘመን ወተት የሚሸጠው በክብደት ስለነበረ ውሃ የጨመረም ሆነ ቅቤው የበዛ ወተት ያመጣ በአንድ ዋጋ ይከፈለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890 እዚያው ያስተምሩ የነበሩት ስቲቨን ባብኮክ በወተት ውስጥ ያለውን ቅቤ በአሲድና በሚሽከረከር መሣሪያ ለመለካት የሚያስችል ቀላል ዘዴ አገኙ፤ ዘዴውንም የግል መብት አላደረጉትም። በዩኒቨርሲቲው አጭር የወተት ሥራ ኮርስ የሠለጠኑ ወጣቶች ይህን ምርመራ በየወተት ማቀነባበሪያው ይሠሩት ጀመር።

ከዚህ የሚወሰዱት ትምህርቶች ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ ሥልጠናው ገበሬው ጊዜ በሚያገኝበት ወቅት ተሰጠ። ሁለተኛ፣ የተሰጠው ሙያ በግዢው ቦታ ላይ ያለውን ጠብ የሚፈታ ሙያ ነበር። ወጣቱ ተፈላጊ የሆነው ወረቀት ስለያዘ ሳይሆን ሻጭና ገዢ የሚተማመኑበትን ልኬት ስለያዘ ነው።

አበልና ሠርተፍኬት

እዚህ ላይ አንድ መራራ እውነት መነገር አለበት። በሀገራችን ሥልጠና ሲባል የብዙ ሰው አእምሮ የሚሄደው ወደ ውሎ አበሉ ነው። ሥልጠናው በሆቴል አዳራሽ ይሰጣል፤ ሦስት ቀን በፕሮጀክተር ይታያል፤ በመጨረሻው ቀን ሠርተፍኬት ይታደላል፣ ፎቶ ይነሳል። ሠልጣኙ ሲመለስ ግን የሚሠራው እንደ ቀድሞው ነው። ስሙ በሦስት ሥልጠና መዝገብ ላይ የሰፈረ ሰው ጠርሙስና ጨው በእጁ ይዞ የማያውቅበት ጊዜ አለ። ወጣቱም ይህን አይቶ ሠርተፍኬት ማጠራቀም ሥራ የሚያስገኝ መስሎት ለየኮርሱ ገንዘቡን ይጨርሳል።

ጥሩ አጭር ሥልጠና የሚለይባቸው ምልክቶች ግልጽ ናቸው። በአንድ ሥራ ላይ ያተኩራል፤ «የሂሳብ ሙያ» ሳይሆን «የአንድ ወር ሂሳብ መዝጋት» ይላል። የሚሰጠው በሥራው ቦታ፣ በእውነተኛው ጆንያና በእውነተኛው ደረሰኝ ነው። ጊዜው ከሥራው ጋር ይገጥማል፤ የእህል ጥራት ሥልጠና ምርት ከመሰብሰቡ በፊት፣ የሂሳብ መዝጋት ሥልጠና የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከማለቁ አስቀድሞ ይሰጣል። ፈተናው በወረቀት ሳይሆን በሥራ ነው፤ ሠልጣኙ ከኮሚቴውና ከሁለት ሦስት አባላት ፊት መዝኖ፣ ለክቶ፣ መዝግቦ ያሳያል። ማስረጃውም «ተሳትፏል» በማለት ፈንታ ሠልጣኙ ያለ ረዳት መሥራት የሚችለውን ሥራ ይዘረዝራል።

የዋስ ጉዳይ

ወጣቶችን ከሥራ የሚያግድ ሌላም ነገር አለ። ገንዘብና ንብረት ለሚይዝ ሠራተኛ ዋስ ይጠየቃል። የደሃ ልጅ ዋስ ከየት ያመጣል? ለዚህ ግን በራሱ በሂሳብ ሙያ ውስጥ ያለ መፍትሔ አለ። ገንዘብ የሚይዘውና ሂሳብ የሚመዘግበው አንድ ሰው መሆን የለባቸውም። ገንዘቡን ዋስ ያለው ገንዘብ ያዥ ይይዛል፤ ተመራቂዋ መዝገቡን ትይዛለች። ይህ አሠራር ለማህበሩ ጥበቃ፣ ለወጣቷ ደግሞ መግቢያ በር ይሆናል።

ሌላው የደመወዝ ጥያቄ ነው። አጭር ሥልጠና በራሱ የሥራ መደብ አይፈጥርም፤ አነስተኛ ማህበር ብቻውን አንድ ሂሳብ ሠራተኛ መቅጠር ሊያቅተው ይችላል። ነገር ግን ሦስት ወይም አራት ጎረቤት ማህበራት ተጋግዘው አንድ ቢቀጥሩ፣ ሠራተኛዋም ሳምንቱን ከፋፍላ ብታገለግላቸው ወጪው ይቀላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂል ለእህል ግዢ ብቻ የተነገረ አይደለም።

ከማን ምን ይጠበቃል?

ከዩኒየኑ የሚጠበቀው በየወቅቱ ለጥቂት ተመራቂዎች ቦታ መስጠት ነው። ሂሳብ ክፍሉ ሁለት፣ መጋዘኑ ሁለት ሠልጣኝ ቢቀበል ሥራው አይስተጓጎልም። ለሚያሠለጥነው ነባር ሠራተኛም ይህ ተጨማሪ ሥራ መሆኑ ታውቆ ተገቢው ማበረታቻ ሊታሰብለት ይገባል። አለበለዚያ ሠልጣኙ ሻይ ሲያመላልስና ወረቀት ፎቶ ኮፒ ሲያስነሳ ጊዜው ያልቃል።

ከመሠረታዊ ማህበራት የሚጠበቀው የጫማውን ካርቶን መክፈት ነው። የተዘበራረቀ ሂሳብን ለሰው ማሳየት ያሳፍራል፤ ተዘግቶ ሲቀመጥ ግን በየዓመቱ እየባሰ ይሄዳል።

ከኮሌጆች የሚጠበቀው ተማሪውን ከመመረቁ በፊት ወደ ማህበራቱ መላክና መምህሩም አብሮ መጥቶ ማየት ነው። መምህሩ የማህበሩን ደረሰኝ ይዞ ቢመለስ በሚቀጥለው ዓመት የሚያስተምረው በዚያው ይሆናል።

ከወረዳና ከቀበሌ ኃላፊዎች የሚጠበቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም። የአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከሉን ክፍል መፍቀድ፣ የህብረት ሥራ ባለሙያውን ለፈተናው ቀን መላክ፣ የሥልጠናውን ማስረጃ ደግሞ በቅጥር ጊዜ እንደ ሥራ ልምድ ባይሆን እንኳ ከግምት እንዲገባ ማድረግ ነው። በተለይ ሴት ሠልጣኞች ከቤታቸው እየተመላለሱ እንዲማሩ ሥልጠናው በየወረዳው ቢሰጥ ብዙዎቹ ሳይቀሩ ይከታተላሉ።

ከወጣቶቹም የሚጠበቅ አለ። የኮሌጅ ዲፕሎማ የያዘ እጅ ጆንያ መንካትን መናቅ የለበትም። መጋዘን ውስጥ አቧራ አለ፤ የሂሳብ መዝገብ ፊት መቀመጥም ይሰለቻል። ነገር ግን ገበሬው ከዓመት ዓመት የለፋበት ምርት ዋጋ የሚያገኘው ወይም የሚያጣው እዚያ ነው።

የተከበራችሁ የበዓሉ ታዳሚዎች፣

በሚቀጥለው የምስረታ በዓል መጋዘኑ ሰፍቶ፣ መኪናው በዝቶ ይታይ ይሆናል። ከዚያ በላይ የሚያኮራው ግን በጠቅላላ ጉባኤው ላይ አዛውንቱ ተነስተው «ገንዘባችን የት ገባ?» ብለው ሲጠይቁ የሚሰጣቸው መልስ ነው። ያን ጊዜ ከዚያው ቀበሌ የወጣች አንዲት ወጣት መዝገቧን ይዛ ትነሳለች፤ ገጹን ገልጣ «አባባ፣ ይኸው» ትላለች። ያን ቀን አባትም ልጅም የሚጠብቁትን ያገኛሉ።

ለዩኒየኑና ለአባላቱ መልካም የምስረታ በዓል!